የማይቆጠረው ሰባ አንድ

እልፍነሽ ምስክርነት የምትወጣ ሴት አልነበረችም። እሑድ እሑድ ቤተ ክርስቲያን ከኋላ ባለው አግዳሚ፣ ግድግዳው ጥግ፣ ነጠላዋን ተከናንባ ትቀመጣለች። አንዱ ከበሽታው እንደ ተፈወሰ ይናገራል፤ አንዷ ልጇ ሥራ እንዳገኘ፤ ሌላው የጠፋ በሬው እንደ ተመለሰ። እሷ አሜን ትላለች፣ ሲዘመር ታጨበጭባለች፣ ከዚያ ወደ ቤቷ ትሄዳለች። ጌታ ረስቶኛል ብላ አይደለም። ብቻ የእሷ ኑሮ ሰው ፊት ቆመው የሚያወሩለት ዓይነት አልነበረም። የታመመው ታምሞ ይከርማል፣ የጠፋውም ጠፍቶ ይቀራል፤ ይለመዳል።

ትምህርቱንም የተለየችው እንዲሁ ነው። ሰባተኛ ክፍል ሳለች እናቷ አልጋ ያዙ፤ ታናናሾቿን የሚያይ ሰው ጠፋ። «ለዓመት እመለሳለሁ» አለች። ዓመቱ መጣ፤ እሷ አልተመለሰችም። ጓደኞቿ ሚኒስትሪ ሲፈተኑ እሷ ቃሪያ ትወቅጥ ነበር፤ ዛሬም ትወቅጣለች። ሶዶ ያሉ ሥጋ ቤቶች ከቁርጥ ጋር የሚያቀርቡት ዳጣ፣ ያ ዓይን የሚያስነባው፣ ብዙው ከእሷ እጅ የወጣ ነው። ቃሪያውን፣ ነጭ ሽንኩርቱንና ዝንጅብሉን ጓሮ ባለችው የቆርቆሮ ዳስ ውስጥ አድቅቃ ጠዋት ጠዋት ታደርሳለች። ባሏ ኤርካሎ በዴሳ ከተማ እህል ነጋዴ ዘንድ ስለሚሠራ ቤቱ ብቅ የሚለው አልፎ አልፎ ነው።

አንድ ልጅ አለቻቸው፣ ረድኤት የምትባል። ረድኤት ዩኒቨርሲቲ የመጀመሪያውን ዓመት ጨርሳለች፤ ሕግ መማር ትፈልጋለች። ሕግ ለመግባት ደግሞ የመግቢያ ፈተና አለ። እስከዚህ ድረስ ለእልፍነሽ ገብቷታል። የተምታታባት ከዚህ ወዲያ ያለው ነው።

አንድ ቅዳሜ ረድኤት ከጓደኞቿ ጋር ተፈትና መጣች። በሩን እንኳ ሳትዘጋ፣ «እማ! ሰባ አንድ አመጣሁ! ባለፈው ሃምሳ ሁለት ነበር፣ አሁን ሰባ አንድ!» ብላ እናቷ ላይ ተጠመጠመች። እልፍነሽ ቃሪያ የነካው እጇ ልጅቷን እንዳያቃጥላት ሁለቱንም ወደ ላይ አንሥታ፣ እንደ ተማረከ ወታደር ቆመች።

«ከመቶ?»

«ከመቶ!»

«ሰዓት ይዘውባችሁ?»

«ሰዓት ይዘውብን። ፈታኝም ነበረን።»

ታዲያ ሌላ ምን ቀረ? ረድኤት ውሃ እየጠጣች «ሞዴል ነው እኮ» ብላለች፤ አላለችም አይባልም። እልፍነሽም ሰምታለች። ግን እሷ በተማረችበት ዘመን ፈተና ፈተና ነው፤ ወይ ያልፉታል ወይ ይወድቁበታል። ሞዴልም ተባለ ሌላ፣ ሰባ አንድ በማንም አገር መውደቅ አይደለም። እናም ሌሊቱን ስታስበው አድራ፣ በማግስቱ የቤተ ክርስቲያኑ ሽማግሌ ጋሽ ጌታሁን «ጌታ ያደረገለት፣ ምስክርነት ያለው ካለ ይምጣ» ሲሉ እግሮቿ እሷን ሳይጠይቁ ተነሡ።

በወላይትኛ ጀምራ በአማርኛ ጨረሰች። «እኔ ከሰባተኛ ያቋረጥኩ ነኝ» አለች። «ከደጄ ማንም ለትልቅ ነገር ወጥቶ አያውቅም። ጌታ ግን ይመስገን፤ ልጄ ረድኤት የሕግን ፈተና ተፈትና ሰባ አንድ አምጥታ አለፈች። በእኔ ቤት ጠበቃ አስነሣ።»

አዳራሹ በእልልታ ተናጋ። እልልታው ለራሷ ሲሆን ያን ቀን ለእልፍነሽ የመጀመሪያዋ ነበር። ረድኤት ከመድረኩ ጎን ከመዘምራኑ ጋር፣ ሐምራዊውን የመዘምራን ልብስ ለብሳ ቆማለች። የመዘምራኑ መሪ ማይኩን እጇ ላይ አደረገላት፤ የምስጋናውን መዝሙር እሷ ትምራ ተባለ። መራችው። ዓይኗ ግን መዝሙሩ እስኪያልቅ ከእናቷ ላይ አልተነሣም፤ እንባም ነበረበት። እልፍነሽ የደስታ እንባ መሰላት።

ቤት ሲገቡ ረድኤት ነጠላዋን ሳታወልቅ ቆመች።

«እማ፣ ምንድን ነው ያደረግሽው?»

«መሰከርኩልሽ።»

«አላለፍኩም እኮ!»

«ሰባ አንድ ብለሽኛል።»

«ሞዴል ነዋ! የልምምድ! ዋናው ገና አንድ ወር ይቀረዋል።»

እልፍነሽ ተቀመጠች። «ታዲያ ይሄኛው ምንድን ነው?»

«ድክመቴ የት ላይ እንደሆነ የማውቅበት። ያን ካወቅኩ በኋላ ምኑን አስቀድሜ፣ ምኑን አስከትዬ እንደማጠና እወስናለሁ። ለሌላ ለምንም አይቆጠርም።»

«ካልተቆጠረ ለምን ቆጠራችሁት?»

ረድኤት ለመመለስ አፏን ከፈተች። ከዚያ ትታው ሳቀች፤ ሳቋ ግን መሃል ላይ ተሰብሮ ሌላ ነገር ሆነ።

ማታ፣ ልብ ከተመለሰ በኋላ፣ ልጅቷ የፈተናውን ወረቀት ጠረጴዛው ላይ ዘርግታ ለእናቷ ልታስረዳት ሞከረች። አንዳንዱን ጥያቄ በቀይ፣ አንዳንዱን በአረንጓዴ ታከብበዋለች። ይሄ ያላወቀችው ነው። ይሄ አውቃው ስትቸኩል የሳተችው። ይሄ ደግሞ ገምታ ያገኘችው። ገምታ ያገኘችውንም በቀይ ስታከብብ እልፍነሽ ጣቷን ወረቀቱ ላይ አሳረፈች።

«ይሄ ትክክል ነው አላልሽም?»

«ትክክል ነው።»

«ታዲያ ለምን ከስህተቱ ጋር ትደምሪዋለሽ?»

«ሳላውቀው ስላገኘሁት። ዋናው ላይ ላይመጣልኝ ይችላል።»

«ጌታ የሰጠሽን ትመልሺለታለሽ?»

«እማ፣ የሰጠኝ ጌታ አይደለም፤ ሲ ናት። ያላወቅኩትን ሁሉ ሲ ላይ ነው የማጠቁረው።»

ሲ ማን እንደሆነች እልፍነሽ ወዲያው አልገባትም። የገባት፣ ያ ሁሉ ሕዝብ እልል ያለለት ሰባ አንድ ከረድኤት እስክሪብቶ ሥር ሲወጣ ስልሳ መሆኑ ነው። እና ደግሞ ነገሩ የባሰው መጨረሻው ላይ መሆኑ። ፈተናው መጨረሻ ላይ ረጃጅም ንባብ አለ፤ ረድኤት እዚያ ስትደርስ ሰዓቱ ያልቃል፤ ያላየችውን ሁሉ ሲ ላይ አጥቁራ ትወጣለች። ስለዚህ ከነገ ጀምራ ጎህ ሲቀድ ተነሥታ፣ ሰፈሩ ሳይንጫጫ፣ ስልኳ ላይ ሰዓት ሞልታ ረጅም ንባብ ብቻ ታነባለች። የአስተሳሰብ ጥያቄዎቹን ማታ ማታ። ሕገ መንግሥቱንና ሌላውን ጠቅላላ እውቀት ለጊዜው አትነካውም፤ እሱን ጥሩ ሠርታለች።

«የምትችይውን ትተሽ የማትችይውን?» አለች እልፍነሽ። እሷ ዳጣ የምትሠራው ዳጣ ስለምትችል ነው። ቅቤ ማንጠር አይሆንላትም፤ ስለዚህ ቅቤ አታነጥርም።

«አዎ እማ።»

«እሺ» አለች። ይገባታል ማለቷ አልነበረም።

ሰኞ ጠዋት ጎረቤቷ ትዕዛዝ ዶሮ ይዛ መጣች። «የጠበቃ እናት!» አለች ገና ከአጥሩ። «ልጂቱን ጥሪልኝ እስቲ፤ ልሳማት!» ረድኤት ከንባቧ ተነሥታ ወጣች፤ ተሳመች፤ ጸሎት ተደረገላት። ትዕዛዝ ስትጸልይ አገር ታዳርሳለች፤ ከልጅቷ ጀምራ በጠቅላይ ፍርድ ቤት በኩል አድርጋ የወላይታን ምድር ሁሉ ባርካ ስትጨርስ የንባቡ ሰዓት አልፏል። ማክሰኞ የእህቶች ኅብረት መጣ። ረቡዕ ደግሞ ረድኤትን አንደኛ ክፍል ያስተማሯት መምህርት። ሰው ሙዙን፣ አቮካዶውን፣ ጎዳሬውን ይዞ ይመጣል፤ ደስ ብሎት የመጣን ሰው ደግሞ በር ላይ አያቆሙትም። ኤርካሎም ከበዴሳ ደወለ። «ገበያውን በሙሉ ነግሬያለሁ!» እያለ ስልኩ ውስጥ ይጮሃል። «የሚኒባስ ረዳቱ ሳይቀር እጄን ጨበጠኝ!»

«ኤርካሎ፣ ስማኝማ፣ ነገሩ...»

«አልሰማሽም! ድምፅ የለም! ደስ ብሎኛል በያት!»

በቀጣዩ ቅዳሜ ረድኤት እንደገና ተፈተነች። ሃምሳ ስምንት አመጣች።

እልፍነሽ ደነገጠች። ካለፉ በኋላ መውደቅ እንዳለ ማንም አልነገራትም። የገረማት ግን የልጇ ሁኔታ ነው፤ ለቁጥሩ አላለቀሰችም። ቀያዮቹን ክቦች እያሳየች፣ «እዪ፣ የጨመረው ቀይ በሙሉ ንባቡ ላይ ነው። ጠዋት አነበዋለሁ ያልኩት እኮ ነው። አንድ ቀን እንኳ አላነበብኩም» አለች። ከዚያ ቀና ሳትል፣ «ንገሪያቸው እማ። እንዳይመጡ ንገሪያቸው» አለች።

እልፍነሽ ጋሽ ጌታሁን ቤት ሄደች። ጋሽ ጌታሁን ጡረታ የወጡ መምህር ናቸው፤ ሰውን ቸኩለው አይመልሱም። ነገሩን እስከ መጨረሻው ሰሟት፤ መነጽራቸውን አወለቁ፣ መልሰው አደረጉት።

«ምስክርነት ትመልሻለሽ?»

«ይመለስ እንደሆነ ልጠይቅዎ ነው የመጣሁት።»

«እኔ ሲመለስ ያየሁት የለም። ለልመናው የጸሎት ርእስ አለን። ለምስጋናው ምስክርነት አለን። ይህን ግን ምን ብለን መርሐ ግብር ላይ እንደምናስገባው...» ጢማቸውን ዳሰሱ። «አየሽ፣ አንቺ ከመሰከርሽ ወዲህ ልጆቻቸው የሚፈተኑ እናቶች ጾም ይዘዋል። ጌታ አላደረገም ልትያቸው ነው?»

«አይ ጋሼ። አድርጓል። ግን ያደረገው አይቆጠርም።»

ሽማግሌው «ዝም በይ ልጄ። ስታልፍ እውነት ይሆናል» አሏት።

ጥሩ ምክር መሰላት። መንገዱን ሁሉ እየቀለላት መጣች። ቤት ገብታ ለረድኤት ስትነግራት ግን ልጅቷ መልሳ ጠየቀቻት።

«ካላለፍኩስ? ማን ነው የዋሸው የሚባለው፣ አንቺ ነሽ ወይስ ጌታ?»

እልፍነሽ ምድጃው ላይ ያለውን ድስት ከፍታ አየች፤ ምንም የሚታይ ነገር አልነበረውም።

ይኸው ሳያንስ የኤርካሎ ታላቅ ወንድም ጋሽ ኤርሳዶ ከሁምቦ መጡ። «ሳሮ! ሳሮ!» እያሉ በወላይትኛ ሰላምታ እየሰጡ፣ ከበትራቸው ጋር በፌስታል የተጠቀለለ የፍርድ ቤት ወረቀት ይዘው። ጎረቤታቸው ድንበር ገፍቷቸዋል፤ ክስ ላይ ናቸው። «ጠበቃችን የት አለች? እስከ ዛሬ የሰው አፍ እየለመንኩ ኖርኩ፤ ከእንግዲህ የራሴ ሥጋ ይናገርልኛል!»

«ጋሼ፣ እሷ ገና አልተማረችም» አለች እልፍነሽ።

«አልፋለች አላላችሁም?»

«ለመማር ነው... እሱንም ገና...»

«ቢሆንስ! ያለፈ ሰው ያውቃል።»

አልጋቸው ሳሎን ተነጠፈ፤ ረድኤት የምታጠናበት ጠረጴዛ ያለው ሳሎን ነው። ጋሽ ኤርሳዶ የቆላ ገበሬ ናቸው፤ ጎህ ሳይቀድ ይነሣሉ። ተነሥተውም ይጸልያሉ፤ ጸልየውም ስለ ድንበሩ ይነግሯታል፤ ግራሩ የት እንደነበረ፣ ማን እንደ ቆረጠው፣ የቆረጠው ሰውዬ አባት ደግሞ ምን ዓይነት ሰው እንደነበሩ። ረድኤት አንገቷን ዝቅ አድርጋ ትሰማለች። አንድ ጊዜ «አባባ፣ እኔ እኮ ተማሪ ነኝ» ብትላቸው፣ «ትሕትናዋ!» ብለው ሳቁ።

ከዚያ አንድ ማለዳ እልፍነሽ ለሥጋ ቤቶቹ ልትወቅጥ ወደ ዳሱ ገባች። ረድኤት እዚያ ናት። የተገለበጠ ጀሪካን ላይ ተቀምጣ፣ ስልኳን ጉልበቷ ላይ አድርጋ፣ በቃሪያው ክምር መሃል ታነባለች። አፍንጫዋ ይፈሳል፣ ዓይኗ ደም መስሏል። እልፍነሽ የለመደችው ሽታ ነው፤ ሌላ ሰው ግን እዚያ ዳስ ውስጥ ብዙ አይቆይም።

«ምን ትሠሪያለሽ እዚህ? ዓይንሽ እኮ ጠፋ!»

ረድኤት እጇን አነሣች፤ ዝም በይ ማለቷ ነው። ገጹን እስክትጨርስ፣ ስልኩ እስኪጮህ። ሲጮህ ቀና አለች፤ በዚያ በቀላ ዓይኗ ፈገግ አለች። «ደረስኩበት። በሰዓቱ ጨረስኩ እማ። ሁለተኛውን ልሞክር?»

እልፍነሽ ሙቀጫውን ልትነካው አልቻለችም። ብትወቅጥ ልጅቷን ትረብሻለች። ባትወቅጥ ሥጋ ቤቱ ይጮህባታል። ዘነዘናውን እንደ ታቀፈች በር ላይ ቆመች። ልጄ ሰው እንዳይስማት ቃሪያ ውስጥ ተደበቀች ብላ አሰበች። ሰው ደስ ይበለው ብዬ የተናገርኩት ነበር። እንዴት እዚህ እንደ ደረሱ መለስ ብላ ልታስበው ሞከረች፤ ከየትኛውም በኩል ብትጀምር ክፉ ያደረገ ሰው አላገኘችም።

እሑድ ጋሽ ጌታሁን «ምስክርነት ያለው» ሲሉ ተነሣች። ሽማግሌው ሲያዩዋት ራሳቸውን በጥቂቱ ነቀነቁ፤ ተይው ማለታቸው ነው። እሷ ግን ደርሳለች።

«ያን ጊዜ የመሰከርኩት...» አለች። ማይኩ ጮኸ፤ ራቅ አደረገችው። «ልጄ ያለፈችው የሚቆጠረውን አይደለም። የማይቆጠረውን ነው። መለማመጃ ነው። እኔ አላወቅኩም። ዋናውን ገና አልተፈተነችም። ታልፍ እንደሆነ አላውቅም፤ እሷም አታውቅም።»

አንድ ሰው ከልማድ የተነሣ «አሜን!» አለ። ልጆች ሳቁ።

እዚህ ላይ ልትወርድ ነበር ሐሳቧ። ግን ሳታስበው ሌላ ነገር ወጣ፤ «እና እባካችሁ፣ እስክትፈተን አትምጡ።»

ይህ ቃል ከአፏ ወጥቶ አዳራሹ ውስጥ ሲቆም ሰማችው። ሶዶ ውስጥ ሰው ለሰው አትምጡ አይልም፤ ለሌባ እንኳ ዞር ብለህ ና ነው የሚባለው። ጋሽ ጌታሁን ፈጥነው «እንጸልይ» አሉ፤ ምን ብለው እንደሚጸልዩ ግን ጠፍቷቸው አባታችን ሆይን ጀመሩ።

ጋሽ ኤርሳዶ እሑድ ማታውን አልቆዩም። ወረቀታቸውን በፌስታሉ መልሰው ጠቀለሉ። «እኔኮ ለቀበሌው ሁሉ ጠበቃ አለኝ ብያለሁ» አሉ፤ ቁጣ አልነበረበትም፤ ከቁጣው ይልቅ ይሄ ከበዳት። ወደ ሁምቦ መኪና ስትሸኛቸው ጎዳሬ ጠቅልላ ሰጠቻቸው። ኤርካሎ ደግሞ ሲሰማ፣ «አሁን እኔ ለበዴሳ ሰው ምን ልበል?» አላት።

«አይቆጠርም በላቸው።»

«ምኑ?»

«እኔም ደህና አድርጌ አላውቀውም፣ ኤርካሎ።»

ከዚያ ወዲያ ማንም አልመጣም። ትዕዛዝም ጭምር። በአጥሩ በኩል ስታልፍ «ደህና ዋልሽ» ትላለች፤ ወሬ የለ፣ ቀልድ የለ። ረድኤት ከጠረጴዛዋ ትነሣለች፣ ትቀመጣለች፣ ስልኩ ይጮሃል፣ ገጽ ይገለበጣል። እልፍነሽ ለልጇ የለመነችው ዝምታ ይኸው ነበር፤ ሲመጣ ግን የለቅሶ ቤት ዝምታ መሰላት። ጥሩ አድርጌያለሁ ትላለች ጠዋት፤ ማታ ሲሆን ደግሞ ሰው አጣሁ ትላለች። ሁለቱም እውነት ይመስላታል።

የመጨረሻውን ሞዴል ረድኤት ስትፈተን ስልሳ አራት አመጣች። ገብታ ጫማዋን እያወለቀች በዝግታ ነው የነገረቻት።

«ወረደ ወጣ?» አለች እልፍነሽ።

«ወጣ።»

«ሰባ አንድ አልነበረም እንዴ?»

«ያ ስልሳ ነው።»

«እና ስልሳ አራት ስንት ነው?»

ረድኤት ሳቀች፤ ይህ ሳቅ አልተሰበረም። «ስልሳ አራት ነው እማ። አንድም ሲ አልገመትኩም። ንባቡን ግን አንዱን አልደረስኩበትም፤ የመጨረሻውን። እሱን ብቻ።»

«ይበቃል?»

«አላውቅም። የማለፊያውን መቁረጫ ነጥብ ገና አላወጡም።»

እልፍነሽ ስለ መቁረጫው መጠየቅ አልፈለገችም።

የዋናው ፈተና ቀን እስከ አስፋልቱ ሸኘቻት። ባጃጁ ሲሄድ ቆማ አየች፤ ከዚያ ተመልሳ የነጭ ሽንኩርቱን ሰፌድ ደጃፉ ላይ አውጥታ ተቀመጠች። እጇ ይልጣል፣ ልቧ የለም። ከአጥሩ ወዲያ ጥላ ቆመ።

«መምጣት ይቻላል? ወይስ አሁንም ክልክል ነው?» ትዕዛዝ ናት።

«ነይ እባክሽ። ነይ ግቢ።»

ትዕዛዝ ገብታ ሌላኛው በርጩማ ላይ ተቀመጠች። ሳትጠየቅ ሽንኩርት አነሣች። አብረው ላጡ።

«ዛሬ የሚቆጠረው ነው?»

«ነው መሰለኝ።»

«መሰለኝ ምን ማለት ነው? የጠበቃ እናት መሰለኝ አይልም!»

ሁለቱም ሳቁ። ብዙ አልሳቁም፤ ግን ሳቁ። ትዕዛዝ ልጣጩን ከቀሚሷ ላይ አራገፈች። «እንጸልይላታ እንግዲህ። ምን ብለን? ታልፍ ዘንድ ብለን?»

እልፍነሽ አሰበች። «እኔ እንጃ ትዕዛዝ። እሷ የነገረችኝ፣ መጨረሻ ላይ ካለው ረጅም ንባብ ሳትደርስ ሰዓቱ እንዳያልቅባት ነው። ሌላውን ትችለዋለች።»

«እንዲህ ያለ ጸሎት ጸልዬ አላውቅም።»

«እኔም።»

ትዕዛዝ ሽንኩርቱን እንደ ያዘች ዓይኗን ጨፈነች። «ጌታ ሆይ፣ ሰዓቱን...» አለችና ቆመች። «ያዘው ልበል?»

«አይ፣ የሌሎቹም ልጆች ሰዓት ነው እኮ። እሷን አፍጥናት በዪ።»

«አፍጥናት። ረጅሙ ንባብ ላይ አድርሳት። የመጨረሻው ላይ።»

ወላይታንም አልባረከችም፤ ፍርድ ቤቱንም አላነሣችም። ጸሎቱ እዚያው አለቀ። እልፍነሽ አሜን አለች፤ ስትል ግን አንድ ዓይኗን ከፍታ ትዕዛዝን ታያት ነበር፣ በትክክል ተጸልዮ እንደሆነ።